ከግድግዳው በኩል የተሰማችው እናታችን

በእኛ ቤት ቶሎ የሚያልቀው ዳቦ፣ ፈጽሞ የማያልቀው ደግሞ «ሰማህ?» የሚለው ቃል ነበር። እናታችን ጠዋት ዐይኗን ስትገልጥ የምታነሳው፣ ማታ መብራት ስታጠፋ የምታስቀምጠው እሱን ነው። ታላቅ ወንድማችንን «ሰማህ?» ስትለው ታዘዝ ማለቷ ነው፤ እሱም ይታዘዛል። እኔን ስትለኝ ዝም በል ማለቷ ነው፤ እኔም እቀጥላለሁ። እህታችንን «ሰማሽ?» ስትላት ግን ጥያቄዋ የእውነት ጥያቄ ነበር። እህታችን በጆሮዋ አትሰማማ። በጆሮዋ ማለቴን ልብ በሉልኝ።

ስለ ራሴ ማውራት ስለማልወድ በአጭሩ ልለፈው። በዚህ ከተማ መናኸሪያ የአውቶቡሶቹን መነሻና መድረሻ በማይክሮፎን የምናገረው እኔ ነኝ። ድምፄ እንደ ማንም ሰው ድምፅ አይደለም። ማይክሮፎኑ በተበላሸበት ሰሞን ያለ እሱ ሠርቼ፣ ልዩነቱን ያወቀ አንድ መንገደኛ አልነበረም። እንዲያውም አንድ ሹፌር ከከተማ ወጥቶ ድልድዩን ከተሻገረ በኋላ የታርጋ ቁጥሩን ስጠራ ሰምቶ ዞሮ ተመልሷል። ሌሎቹ ሹፌሮች ስልክ ተደውሎለት ነው ይላሉ። ቅናት ነው። ሰዉ ሁሉ ጥሩምባ ይለኛል፤ ስድብ መስሏቸው ነው የሚጠሩኝ፣ እኔ ግን እንደ ማዕረግ ተቀብዬዋለሁ።

ወሬዬ ግን ስለ እህቴ ነው። እትዬ ነው የምላት። ከልጅነቷ ጀምሮ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሸማኔ ናት። የሽመና አዳራሽ ገብታችሁ የማታውቁ ከሆነ የማውቀው እኔ ልንገራችሁ፤ አንድ ቀን የረሳችውን ምሳ ላደርስላት ገብቻለሁ። ማሽኖቹ እንደ ወታደር ተሰልፈው፣ መወርወሪያው ከዳር እስከ ዳር እየተላጋ፣ የወለሉ ንዝረት በእግራችሁ ገብቶ በጥርሳችሁ ይወጣል። ከተወለድኩ ጀምሮ የራሴን ድምፅ ያልሰማሁት እዚያ ብቻ ነው። «እትዬ!» ብዬ የለቀቅኩትን ጩኸት መናኸሪያ ላይ ብለቀው አውቶቡሶቹ ያለ ሹፌር በተነሡ ነበር። እዚያ ግን ከአፌ ወጥቶ የት እንደገባ እንጃ። ሞቼ ይሆን እንዴ ብዬ ፊቴን ዳሰስኩ።

ሴቶቹ ግን ያወራሉ። ያውም ሐሜት። እጃቸው የተበጠሰ ክር እየቀጠለ፣ ዐይናቸው ድሩ ላይ ተክሎ፣ ከንፈራቸውን ብቻ ያላውሳሉ። አንዷ አፏን ነቅነቅ ታደርጋለች፣ ከእሷ ራቅ ብላ ያለችው ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ትስቃለች። ኃላፊው ሲመጣ ትከሻቸውን መታ መታ ያደርጋሉ፤ የቀረው ሁሉ የከንፈር ነው። ደግሞ ፊት ለፊት አይተያዩም። ማሽን ትቶ መዞር የት አለ? ሁሉም ጎን ለጎን እንደቆሙ፣ አንዷ የሌላዋን ግማሽ አፍ በዐይኗ ጠርዝ እያየች ነው የምትጫወተው። ይህን እነሱ ማየት አይሉትም። መስማት ነው የሚሉት። እትዬ ከሥራ ስትመለስ «ቀጮ ዛሬ እንዲህ ስትል ሰማኋት» ትላለች፤ ቀጮ ግን ቀኑን ሙሉ ትንፍሽ አላለችም።

ቀጮ ከእትዬ ቀጥሎ ባለው ማሽን ላይ የምትሠራ ጓደኛዋ ናት። ስሙ የወጣላት በወጣትነቷ ነው። ዛሬ በእኛ በር የምትገባው በጎኗ ዞራ ነው፤ ስሙን ግን ማንም አልለወጠላትም።

እንግዲህ ያ አዳራሽ ለእትዬ በዐይኗ መስማትን አስተምሮ፣ ክፍያውን ከጆሮዋ ወሰደ። ፊቷ ቆማችሁ ካወራችሁ አንድ ቃል አታመልጣትም። ቤተሰብ ግን መቼ ፊት ለፊት ያወራል? አንዱ ጫማውን እያሰረ፣ ሌላው ጀርባውን ሰጥቶ፣ እናታችን የልብስ ስፌት ማሽኗ ላይ አቀርቅራ ነው ነገር የሚወሰነው። እትዬ «ምን አላችሁ?» ስትል «በኋላ እንነግርሻለን» ትባላለች። በኋላ ደግሞ ይረሳል። እንዲህ እንዲህ እያለ በቤታችን ሁሉን የምትሰማው ሴት ምንም የማይነገራት ሆነች።

እናታችን ዕድሜዋን ሙሉ በመስኮቷ ሥር ተቀምጣ የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ የኖረች ናት። መርፌው በእጇ ይሁን እንጂ ሥራዋ ሰፈሩን ማስተዳደር ነበር። ከዚያች መስኮት ሆና የስንቱን ልጅ አፍንጫ አስጠርጋለች፣ የስንቱን ባልና ሚስት አስታርቃለች፣ የስንቱን መኪና «እዚህ አይቆምም» ብላ መልሳለች። ድምፄ ከማን እንደመጣ ለሚጠይቅ ሁሉ የማሳየው ያችን መስኮት ነው።

ያቺን ሴት ስትሮክ መታት። ግራ ጎኗ ወደቀ፣ የፊቷ ግራ በኩል ተንጠለጠለ፣ ድምፅዋም ጠፋ። ራሷም ሳያቋርጥ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከሆስፒታል ስናወጣት ሐኪሟ፣ ልጅ እግር ሴት ናት፣ በትዕግሥት አስረዳችን። ሁሉንም ትሰማለች፣ ሁሉንም ታስባለች፣ ምላስና ድምፅ ነው ያልታዘዘላት፤ አውሯት፣ ለመልሷም ጊዜ ስጧት አለችን። እኛም ሰማን። ማለቴ ድምፁን ሰማን።

አልጋዋን ያመቻቸሁት እኔ ነኝ። ጆሮዋ እንዳይሰለች ብዬ ትልቁን ሬዲዮዬን አመጣሁላት፤ በከተማው ውስጥ ያን የሚያህል ድምፅ ማጉያ ያለው ሬዲዮ ሌላ የለም፣ ሊኖርም አይችልም። ሶኬቱ ያለው ከበሩ አጠገብ ስለሆነ አልጋውን በዚያ ልክ አስተካክዬ ከግድግዳው ጋር አጣበቅኩት። ደህናው ቀኝ ጎኗ ወደ ግድግዳው ሆነ፣ ለእኛ የቀረልን የወደቀው ግራዋ ነው። ያኔ ይህን ማን አስተዋለው? ሬዲዮው ደርሶ ሲያንቧርቅ እኔ በደስታ አብሬ አንቧረቅኩ።

እማዬ ከንፈሯ ይላወስ ነበር፤ ከግራ በኩል ሲያዩት ግን መንቀጥቀጥ ነው የሚመስለው። ደህናዋን እጇን አንሥታ ወደ መስኮቱ ስታመለክት መጋረጃ እንዘጋለን። ደግማ ስታመለክት እንከፍታለን። ወደ ሬዲዮው ስታወዛውዘው ደግሞ ሙዚቃው ይዟት ነው ብዬ ድምፁን ከፍ አደርግላታለሁ። እጇን የበለጠ ታወዛውዛለች፣ እኔም የበለጠ ከፍ አደርጋለሁ። እንዲህ ያለ ፍቅር በእናትና በልጅ መካከል ታይቶ አይታወቅም እል ነበር።

ታላቅ ወንድማችን፣ ጋሼ፣ በትልቁ ከተማ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት የክፍል ኃላፊ ነው። ሆዱ ከእሱ ቀድሞ የሚገባ፣ ንግግሩ የተመጠነ ሰው ነው። በቤታችን የእኔ ድምፅ ይሰማል፣ ቃሉ የሚሰማው ግን የጋሼ ነው፤ ልዩነቱ ሰፊ መሆኑን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እሱ መጥቶ ጎኗ ተቀምጦ ሁሉን አስረዳት። አፓርታማው አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት አለው፤ ሆስፒታል ከመንገዱ ማዶ ነው፤ ሠራተኛ ተቀጥራላታለች። እውነቱን ለመናገር ክፉ ሐሳብ አልነበረም፤ ሰውዬው እናቱን ይወዳል፣ እንዳትሞትበት ፈርቷል። «እንሂድ አይደል እማዬ?» አላት። ራሷ ተንቀጠቀጠ። ጋሼ እሺ አለች አለ። እኔ እምቢ አለች አልኩ። ሽንጤን ገትሬ ተከራከርኩ። ግን ያው አንድ ራስ ነው፣ ያው አንድ መንቀጥቀጥ ነው፤ ክርክሩ እንደተለመደው የጋሼ ሆነ። ለቅዳሜ መኪና ይዤ እመጣለሁ ብሎ ሄደ።

ለእትዬ ማን ነገራት? ማንም። ከፈረቃ ስትመለስ ሻንጣው ተከፍቶ አይታ ነው ያወቀችው።  የእማዬን ልብስ ከገመድ አውርዳ፣ አንድ በአንድ አጥፋ፣ ሻንጣው ውስጥ ደረደረችው። ስታጥፍ አየኋት። ያለ ቃል እንዲያ የሚናገር እጅ አይቼ አላውቅም፣ እኔ እንኳን ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። ይህ በእኔ ታሪክ ትንሽ ነገር አይደለም።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ መጣ። መኪናው ደጅ ቆመ። ቤቱ ውስጥ ግርግር ሆነ፤ ሬዲዮው ከወትሮው በላይ ይጮኻል፣ እኔ ከሬዲዮው በላይ እጮኻለሁ። ፍራሹን ለማውጣት አልጋውን ከግድግዳው ማላቀቅ ነበረብን። ጋሼና እኔ ጫፍና ጫፍ ይዘን ሳብነው። በእውነቱ የሳብኩት እኔ ነኝ፣ ጋሼ ክራቫቱን ይዞ ነበር። ከአልጋው ጀርባ የተጠራቀመው አቧራ ጉድ ነው። እትዬ መጥረጊያ ይዛ በአልጋውና በግድግዳው መካከል ገባች።

ጠረገች፣ ጠረገች፣ ቆመች።

እማዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር። እትዬ መጥረጊያውን ቀስ ብላ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። እናቷን ፊት ለፊት አላየቻትም። ትከሻዋን ወደ አልጋው አዙራ፣ ዐይኗን መስኮቱ ላይ ተክላ፣ ልክ ማሽኗ ላይ እንደምትቆመው ቆመች። እጆቿ ራሳቸው ክር እንደያዘ ሰው ሆዷ ላይ ተነሡ። ከዚያ የእሷም ከንፈር ይላወስ ጀመር። እኔ ጸሎት ላይ መስላኝ ነበር። ቀጥሎ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ያን መንቀጥቀጥ ደግሞ አውቀዋለሁ፤ በሽመናው አዳራሽ ያየሁት ሳቅ ነው።

ሁለቱ ሴቶች፣ በሬዲዮዬና በጉሮሮዬ መሀል፣ ያለ ድምፅ እየተጫወቱ ነበር።

ምን ያህል እንደቆዩ አላውቅም። እትዬ ዐይኗን በመዳፏ ጠርጋ ወደ እኔ ዞረች። ድምፅዋ ሲወጣ ሁሌም አንድ ልክ ነው፣ አይነሣም አይወድቅም።

«ሬዲዮውን ዝጋው ትልሃለች። ከሆስፒታል ከመጣች ጀምሮ ዝጋው ስትልህ ነው የከረመችው።»

ክው አልኩ። ያ ሁሉ የእጅ ውዝወዛ ዐይኔ ላይ መጣብኝ። ገመዱን ነቀልኩ። ቤቱ ጸጥ ሲል ጋሼ የራሱን ትንፋሽ እንኳን የሰማ ይመስለኛል። ማን ምን አለ ብሎ ጠየቀ። እትዬ ከንፈሩን አየችና፣ እማዬ አልሄድም ብላለች፣ መስኮቴን ትቼ የትም አልሄድም ነው ያለችው አለችው።

ጋሼ ወንበር ስቦ ግን ሳይቀመጥ ተደገፈበት። ሰውዬውን ብዙ ጊዜ እቀልድበታለሁ፣ ያን ቀን ግን ያለው ነገር ሞኝነት አልነበረም። ቀስ ብሎ፣ ከንፈሩን እንድታይ ፊቷ ቆሞ ተናገረ።

«እህቴ፣ ትዋሻለሽ አልልሽም። ግን ሰው የሚፈልገውን ነገር ይሰማል። አንቺ እንድትሄድ አትፈልጊም፤ አብረሻት ነው የኖርሽው። ግማሽ አፍ ሲንቀጠቀጥ አይተሽ ልብሽ የመሰለውን ሞላው። እኔም ራሷ ሲነቀነቅ እሺ ያለችኝ የመሰለኝ እንደዚያው ነው።»

 ንግግሩ እትዬን እንዳመማት ፊቷ ላይ አየሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህን ጊዜ ወይ ያለቅሳል ወይ ይሳደባል፤ እኔ ለምሳሌ ሁለቱንም በአንድ ላይ እችላለሁ። እሷ ግን አሰበች። ከዚያ ስልኬን ከኪሴ አውጥታ ሰጠችኝ።

«ለቀጮ ልጅ ደውል። እናትሽ ትምጣ በላት። ለምን እንደሆነ ግን አትንገራት።»

ከዚያ ወዲያ ችሎቱን የመራሁት እኔ ነኝ። ምስክር እንዴት እንደሚሰማ አውቃለሁ፤ አንዱ ሲሰማ ሌላው ውጭ ነው የሚቆየው። ሳልነግራት እትዬ ራሷ መጥረጊያዋን ይዛ ወደ ግቢ ወጣች፣ በሩንም ከኋላዋ ዘጋች። በመስኮቱ አየኋት፤ ጀርባዋን ለቤቱ ሰጥታ የተጠረገ ግቢ እንደገና ትጠርጋለች።

ቀጮ ከእንቅልፏ ተነሥታ፣ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች፣ በጎኗ ዞራ ገባች። ምን ሆናችኋል ብትል የመለሰላት የለም። እኔ ከአልጋው በስተቀኝ፣ ከግድግዳው በኩል ወስጄ አቆምኳት። ጋሼ ግን ከእኔ የባሰ ብልህ ሆኖ ተገኘ፤ ይህን ስመሰክር ምላሴን ነክሼ ነው። ቀጮም እንደ እትዬ ጆሮዋ እንደሌለ ያውቃል። ስለዚህ ከጀርባዋ ሄዶ ቆመ። እሱ የሚጠይቀውን አትሰማም፣ ከንፈሩንም አታየውም። የምታየው መልሱን ብቻ ነው። ጥያቄው ምን እንደሆነ ሳታውቅ መልሱን ልትናገር ነው።

«እማማን ስሚያትና ያለችውን ድገሚልን» አልኳት በምልክት ጭምር። ቀጮ ትከሻዋን አዙራ፣ ዐይኗን መስኮቱ ላይ ጣል አድርጋ ቆመች። ያው አቋቋም ነው።

ጋሼ ከጀርባዋ ጠየቀ። «እማዬ፣ ከእኔ ጋር ትሄጃለሽ ወይስ እዚህ ትቀሪያለሽ?»

የእማዬ ከንፈር ተላወሰ። አሁን ከቀኝ በኩል ስናየው መንቀጥቀጥ አይደለም፤ ግማሽ አፍ ነው፣ ግን የሚናገር ግማሽ አፍ ነው። ቀጮ ግንባሯን ቋጠር አድርጋ፣ የፋብሪካ ሰው ድምፅ ሲያወጣ እንደሚያወጣው፣ በቤቱ ሙሉ ጮኻ ተናገረች።

«መስኮቴን ትቼ አልሄድም ይላሉ። አራተኛ ፎቅ ላይ ወጥቼ ምን ልሠራ ነው፣ ሰማይ ልጠርግ ነው ይላሉ። የምን ፎቅ ነው?»

ማንም የምን ፎቅ እንደሆነ አልነገራትም። ጋሼ ክራቫቱን ላላ አደረገ። ድምፁ ቀጠን ብሎ፣ ብትወድቂብኝስ፣ ሐኪም እዚህ ሩቅ ነው አላት። ቀጮ ጥቂት ጠብቃ፣ ሳቋን እየዋጠች ደገመች።

«ከተኛሁበት ወዴት ነው የምወድቀው ይላሉ።»

እኔ ሳቅሁ። የእኔ ሳቅ ደግሞ እንደምታውቁት ነው፣ ደጅ የቆመው መኪና ማስጠንቀቂያው ሊጮህ ምንም አልቀረውም። ጋሼ አልሳቀም። ገና ወገቡ አልተሰበረም፤ የመሥሪያ ቤት ሰው ነው፣ ሁለት ምስክር አንድ ቃል መናገሩን እየሰማም ሌላ ጥያቄ እየፈለገ ነበር። እማዬ ግን ጥያቄውን አልጠበቀችም። ከንፈሯ ራሱ ቀጠለ። ቀጮ ዐይኗን ከመስኮቱ ነቅላ በመገረም ዞረች።

«ድንቢጥ ይቀመጥ፣ ሲቆም ያደክመኛል ይላሉ። ድንቢጥ ማነው?»



ድንቢጥ ማን እንደሆነ የምናውቀው አራት ሰዎች ብቻ ነን። ጋሼ ሕፃን ሳለ በጣም ከሲታ ነበር፤ እማዬ ስፌቷን እየሰፋች ጉልበቷ ሥር ታስቀምጠውና በዚያ ስም ትጠራው ነበር። ትምህርት ቤት ሲገባ እንዳትጠራው ለምኗት ተወችው። ከዚያ ወዲያ ያ ስም ከዚያ ቤት አልወጣም፤ እኔ እንኳን፣ ምንም ምሥጢር መያዝ የማይሆንልኝ እኔ፣ አውጥቼው አላውቅም። ቀጮ የቆመውን ሰውዬ ከእግር እስከ ራሱ፣ በተለይ ሆዱ ላይ ቆም እያለች፣ አየችው።

«እርስዎ ነዎት እንዴ?»

ጋሼ ተቀመጠ። ወንበሩ ላይ አይደለም፤ ከግድግዳው በኩል፣ አቧራው ላይ፣ በዚያ ሱሪው፣ ከአልጋው ሥር ቁጭ አለ። ራሱን የእማዬ ደህና እጅ አጠገብ አስጠጋ። እጇ ተነሥቶ ፀጉሩ ላይ ዐረፈ። ቀጮ አሁንም የሆነ ነገር ስታይ አየሁና ምን አለች አልኳት። ፀጉሩን የቆረጠው ማነው፣ ዳግመኛ እንዳይነካው ብላለች አለችኝ።

ጋሼ ሲነሣ ቀጥታ ወደ መስኮቱ ሄደ። እትዬ አሁንም ግቢ ውስጥ ናት፣ መጥረጊያዋን ይዛ ወደ ቤቱ ዞራለች። መስኮቱ ዝግ ነው። ሊከፍተው እጁን ሰደደ፣ ተወው። በመስታወቱ ውስጥ ሆኖ፣ ያለ ድምፅ፣ ከንፈሩን ብቻ አላወሰ። ረጅም ነገር አልነበረም። እኔ ከጀርባው ስለነበርኩ ምን እንዳለ አላየሁም፤ እትዬ ግን ስትሰማ አይቻታለሁ። መጥረጊያውን ጣለችው። እጇን አንሥታ ትከሻዋን መታ መታ አደረገች፤ በፋብሪካው ቋንቋ ኃላፊው መጣ ማለት ነው። ጋሼ ምን ማለት እንደሆነ አያውቅም፣ ግን ሳቀ። ያን ቀን የሳቀው ያኔ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የጉልበት ሥራ ነው። አልጋውን መስኮቱ ሥር አዞርነው፤ ቀኟ ወደ ቤቱ፣ ፊቷ ወደ መንገዱ። ጋሼ በየወሩ መጨረሻ ሊመጣ፣ ነርስ እየመጣች እንድታያት ሊያመቻች ተስማማ። እማዬ የምትለውን እትዬ ሥራ ላይ ስትሆን ቀጮ፣ ቀጮ ሥራ ላይ ስትሆን እትዬ እንዲሰሟት ሆነ፤ ሁለቱም በተለያየ ፈረቃ እንዲገቡ አለቃቸውን ለመኑ። መኪናው እማዬን ሊወስድ መጥቶ በትእዛዟ ይዞ የሄደው ሬዲዮዬን ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ የሚሰማው ሰው ካገኘ ይስማው ብላለች። ይሁን። ግን አንድ ነገር ተመዝግቦ እንዲቀመጥልኝ እፈልጋለሁ፦ ያ ሬዲዮ ባይኖር አልጋው ከግድግዳ አይጣበቅም፣ ባይጣበቅ አይላቀቅም፣ ባይላቀቅ እትዬ ከጀርባው አትገባም። እናታችንን መልሶ ያመጣልን ማን እንደሆነ ፍርዱን ለአንባቢ ትቼዋለሁ።

እትዬን ግን እኔ እንኳን አጋንኜ ልደርስባት አልቻልኩም። ብዙ ሰው ቋንቋ ይሰማል፣ ወሬ ይሰማል፣ ምክር የሚሰማም አልፎ አልፎ አይጠፋም። እሷ ሕመም የተሰማውን፣ ድምፁ ያልተሰማውን ሰው ትሰማለች። አሁን በቤታችን ነገር ሲነሣ ሁላችንም ተነሥተን ፊቷ እንቆማለን። ጫማ እያሰሩ ማውራት ቀርቷል። መጀመሪያ እትዬ ትሰማለች፣ ከዚያ ይወሰናል።

እኔም ተምሬያለሁ። በሰፈራችን ከንፈር በመስማት ከእኔ የሚቀድም ወንድ የለም፤ ሌላ የሚሞክር ወንድ ስለሌለ ነው የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ባለፈው እሁድ ከመስኮቱ ፊት ቆሜ የእማዬን ከንፈር አየሁና ለጎረቤቶቹ ተረጎምኩ። «ልጄ የቤቴ ብርሃን ነው ትላለች» አልኩ። እትዬ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ አየቻት። «ዞር በል፣ ብርሃኑን ጋረድከኝ ነው ያለችህ» አለችኝ። ብርሃን የሚለውን ቃል ግን አግኝቼዋለሁ፤ ይህን ማንም አይክደኝም።

አንድ ነገር ብቻ አለ ያላገኘሁት። ያን ቅዳሜ ከአልጋው ጀርባ፣ ገና ማንም ሳያውቅ፣ እማዬ ለእትዬ አንድ ነገር ብላታለች። ሬዲዮውንና መስኮቱን ነግራናለች። መጀመሪያ ያሳቃትን፣ ኋላ ዐይኗን ያስጠረጋትን ግን አልነገረችንም። በልመና ጠይቄያታለሁ፣ በቁጣ ጠይቄያታለሁ፣ መናኸሪያውን በሚያስነሣ ድምፅ ጠይቄያታለሁ። እትዬ መልስ መስጠት በማትፈልግበት ጊዜ የምታደርገው አንድ ነገር አላት፤ ፈገግ ብላ ፊቷን ታዞራለች። ፊቷን ካዞረች ደግሞ በዚህ ምድር ላይ የእኔ ድምፅ የማይደርስበት ቦታ እዚያ ነው።